ጭሱን ማን አሸተተው?

እሁድ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ይፈላል። ቡናው ተቆልቶ ወዙ ብቅ ሲል እናቴ ምጣዱን ይዛ ትነሳና ጭሱን በየሰዉ ፊት ታዞራለች። ወጉን የሚያውቅ ሰው እጁን ሰደድ አድርጎ ጭሱን ወደ አፍንጫው ይስባል፤ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ባለፈው ወር ስድስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ስድስታችንም አቀርቅረናል። እናቴ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረች፤ ጭሱ ከስልኮቻችን በላይ አለፈ፤ አንድም ሰው ቀና አላለም። ዝም ብላ ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች።

ኧረ ምን ይሻለናል?

የሰለቸኝ ይሄ ነው፤ ሰው አለ ይባላል፣ ግን የለም። ስታወሪው «ንገሪኝ፣ እየሰማሁሽ ነው» ይልሻል፤ አውራ ጣቱ ግን ሥራ ላይ ነው። ዋናው ነገር ላይ ስትደርሺ «እ? ምን አልሽኝ?»። እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ፤ ሁለተኛው ላይ ግን የሆድሽን አታወጪም፤ አሳጥረሽ ትተዪዋለሽ። ለቅሶ ቤት ትሄጃለሽ፤ ሐዘንተኛዋ የሟችን የመጨረሻ ሌሊት እያወራች ከጎንሽ ያለው ሰው አጭር ቪዲዮ ከፍቶ ድምፁን ለመቀነስ ይታገላል። ሰርግ ትሄጃለሽ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል የሚል አፍ ጠፍቶ የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው፤ ሁሉም ይቀርጻል፣ የሚያይ የለም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፤ ተሳፋሪው ጆሮውን ደፍኖታል። መንገድ የሚሻገረውም እንደዚያው፤ ነፍሱን ለሹፌሩ ፍሬን አደራ ሰጥቶ ይራመዳል።

ስልኩን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ልብ ድሮም ይሄዳል። ቅዳሴ ቆመን ምድጃ ላይ የተውነውን ድስት የምናስብ ስንቶቻችን ነን! የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ 2,250 ሰዎችን በቀን ውስጥ በድንገት በስልክ መተግበሪያ ጠየቁ፦ አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው? ከመልሶቹ 47 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ውጭ እንደነበር አሳዩ። ልባቸው የሄደባቸው ሰዓታት ደግሞ ደስታቸው ያነሰባቸው ነበሩ። እንግዲህ በራሱ የሚሸሽ ልብ ላይ ነው እኛ ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ሌላ በር የከፈትንለት።

ፈረንጆቹ ነገሩ ቢያስቸግራቸው ትምህርት አድርገውታል። ጆን ካባት ዚን የተባለ ሰው በ1979፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው ላልለቀቃቸው በሽተኞች ከቡድሃ እምነት ልምድ የቀዳውን፣ ልብን ካሉበት የማቆየት ሥልጠና ጀመረ። ከታወቁት ልምምዶች አንዱ አንዲት ዘቢብ መብላት ነው፦ ታያታለህ፣ ትዳስሳታለህ፣ ታሸታታለህ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ታኝካታለህ። ሌላ ምንም የለም። ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምታሸትተን፣ የምትወቅጠው፣ አቦል ቶና በረካ ብላ ሦስት ጊዜ የምታስቀምጠን ቡና ከዚያች ዘቢብ በምን ያንሳል? ለዓይን፣ ለአፍንጫ፣ ለጆሮ፣ ለምላስ ሁሉ ድርሻ ያለው፣ ለዚያውም ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ! ቋንቋችንም ቃሉን አላጣውም። ሰው ሲዘናጋ «ልብ በል!» እንላለን፤ ሰምቶ ያልሰማውን «ልቡ እዚህ የለም» እንላለን። ቃሉም ወጉም እቤታችን ተቀምጦ ነው ባዶ እያስቀረነው ያለነው። የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ለፋሲካ አክስቴ ቤት ገበታ ቀርበን መልእክት እያነበብኩ ሳለ ጉርሻዋ መጣ፤ አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገመችኝ፤ ሁለተኛውንም ተቀበልኩ። ማታ ባለቤቴ ዶሮው እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ጣዕሙን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ በላይ የከበደኝ ግን ስታጎርሰኝ የአክስቴን ፊት ጨርሶ አለማየቴ ነው። ያቺ እጅ ስንት ዓመት እንደምትዘረጋልኝ ማን ያውቃል?

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሥልጠና ግቡ፣ ስልክ ጣሉ አላልኩም። ከአቦል እስከ በረካ ብቻ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሰው ሲያወራን ፊቱን እንይ። ያጎረሰን እጅ የማን እንደሆነ እንወቅ። ለቅሶ ቤት ከሄድን እዚያው እንቀመጥ።

ባለፈው እሁድ ቡናው ተቆልቶ ሲያልቅ እናቴ ምጣዱን ይዛ ተነሳች፤ አንድ አፍታ አየችንና ጭሱን ሳታዞር ወደ ጓዳ ገባች። ቀና ስል ጀርባዋን አየሁት። ተከትያት ስገባ ቡናው ሙቀጫ ውስጥ ነበር። «እማዬ፣ ዛሬ ጭሱን አላሸተትሽንም» አልኳት። ዘነዘናዋን ሳታቆም፣ «ሥራ ላይ ናችሁ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።