የቦይለሩ ቍጣና የመካሪዎቹ ብዛት

በእንግሊዝ አገር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሰው፥ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ወራት በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አንድ ነጭ ሣጥን ቀና ብሎ ሳያይና ደኅና ማደሩን ሳያረጋግጥ ከቤቱ አይወጣም። ይህ ሣጥን ቦይለር ይባላል። በሆዱ ውስጥ የጋዝ እሳት ይነድዳል፤ እሳቱ በአጠገቡ የሚያልፈውን ውኃ ያሞቃል፤ ውኃውም በፓምፕ እየተገፋ በየክፍሉ ወደ ተተከሉት ራዲያተሮች ይሄድና ሙቀቱን አራግፎ ሌላ ሙቀት ሊሸከም ይመለሳል። ነገሩ ለሚያስበው ቀላል ነው፤ ችግሩ፥ ውኃው አልሄድም ያለ ዕለት እሳቱ ይህን አለማወቁ ነው።

የዚህ ዕቃ ቅድመ አያት የተወለደው እዚሁ ለንደን ውስጥ ነው። ቤንጃሚን ዋዲ ሞን የሚባል የከተማይቱ ሰው ውኃን በጋዝ እሳት የሚያሞቅ መሣሪያ ፈልስፎ በስሙ ያስመዘገበው በ1868 ሲሆን፥ ይህም ዓመት በእኛ አቈጣጠር 1860፥ አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ያለፉበት ዓመት ነው። እንግሊዞች እዚያ ማዶ የእኛን ታቦትና መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ሲያስጭኑ፥ እዚህ የቀረው ወገናቸው ደግሞ ገላውን በሙቅ ውኃ ስለሚታጠብበት ብልሃት ይጠበብ ነበር ማለት ነው። የሞን መሣሪያ ግን ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቧንቧ አልነበረውምና ታጣቢው ከጢሱ ጋር አብሮ ይታጠብ ነበር። ለመቅደላ የተቈረጠ ካሣ ነው ብል ግፍ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ ሆኖም ሐሳቡ አልፎ አልፎ ይመጣብኛል።

የእኛ ቦይለር የተቈጣው በታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነው። ይህ ወቅት ፈረንጆቹ ገናቸውን አክብረው አዲሱን ዓመታቸውን ገና ያልተቀበሉበት፥ ባለሙያ ሁሉ ስልኩን ዘግቶ ከዘመዶቹ ጋር የሚሰነብትበት፥ ብርዱም ማንም ሥራ ላይ አለመኖሩን ያወቀ ይመስል የሚበረታበት ሳምንት ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። እርሳቸው ድርሳነ ገብርኤልን ከፍተው ሳሉ ሣጥኑ በመጀመሪያ ያጕረመርም፥ ቀጥሎም ምድጃ ላይ እንደ ተረሳ ጀበና ይንተከተክ ጀመር። የለንደን ውኃ የኖራ ድንጋይ ምድርን ሰንጥቆ የሚመጣ ስለ ሆነ ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራውም ውኃው በሚሞቅበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ እየተጋገረ መንገዱን ሲያጠብበው ውኃው እዚያው ቆሞ ይፈላል፤ የሚሰማውም ድምፅ የእንፋሎቱ መፍጨርጨር ነው። አክስቴ ይህን ከመስማታቸው በፊት የሻያቸውን ገጽ ሸፍኖ የሚያገኙትን ስልባቦት አይተው “ይህ ውኃ ጤና የለውም” ብለው ነበር።

ቦይለሩ እጅ የማያስነካ ሆኖ ሳለ ራዲያተሮቹ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ይህም ሙቀቱ ከተፈጠረበት ስፍራ አለመነሣቱን ያስረዳል። በቀዝቃዛ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር ላይ መቆም የሚገባው የግፊት መለኪያው መርፌ ወደ 3 ሲጠጋ፥ የደኅንነት መክፈቻው ተከፍቶ የፈላውን ውኃ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ በወጣው የመዳብ ቧንቧ ይተፋው ጀመር። ከዚህ በኋላ የሙቀት ጠባቂው ጋዙን ዘጋ፤ እሳቱም ጠፋ፤ ቀይ መብራት በራ፤ ቦይለሩም ወደ አርምሞ ገባ።

ጠቅላላው ጭቅጭቅ የተነሣው ይህን አርምሞ እንደ በሽታ ከመቍጠር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያች ሌሊት ከቤቱ ሰዎችና ዕቃዎች መካከል የአቅሙን ልክ ዐውቆ ሥራውን ያቆመ ቦይለሩ ብቻ ነበር፤ የቀረነው በሙሉ ግን ያስነሡልን፥ ያንቀሳቅሱልን፥ ዳግመኛ ያንድዱልን ባዮች ነበርን።

በመጀመሪያ ያማከርናቸው አከራያችንን ነው። በስልክ ሲመልሱ ከኋላቸው ሙዚቃ ይሰማል። “ቀዩ መብራት ሲበራ ከሥሩ ያለውን ቍልፍ ተጭነው ይያዙት፤ ደግሞ ቢጠፋም ደግመው ይጫኑት” አሉ። ቍልፉ እርግጥ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ተሞክሮ እንቢ ሲል ምክንያቱ እንዲመረመር ነው እንጂ፥ እንቢታውን በጣት ብዛት ለማሸነፍ አይደለም። ቀጥሎ የመጣው ሰፈራችን በሙሉ “ሊቀ ጠበብት” እያለ የሚጠራው ወዳጃችን ነው። ይህ ሰው አዲስ አበባ ሳለ ራዲዮ፥ ለንደን ከገባ ወዲህ ደግሞ ማናቸውንም ነገር የሚጠግን ሲሆን፥ ካቻቪቴውን ከኪሱ ሳያወጣ ሰላምታ አይሰጥም።

“ክዳኑን ልፍታውና ፓምፑን በመዶሻ ቀስ አድርጌ ልምታው” አለ።

ይህ እንደማይሆን ነገርሁት። የብዙዎቹ ቦይለሮች ክዳን እሳቱንና ጢሱን ከቤቱ አየር የሚለይ መዝጊያ ነውና ሲፈታ የሚወጣው ምን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ በዚህ አገር ሕግም ጋዝ ነክ ሥራ ለመሥራት የሚፈቀድለት ጋዝ ሴፍ ሬጅስተር በሚባለው መዝገብ የገባ ባለሙያ ብቻ ነው። ሊቀ ጠበብት መዝገቡን ንቆ ሌላ ምክር አመጣ፤ “እንግዲያስ ቀዝቃዛ ውኃ ልጨምርበትና ይብረድ!” ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ በእጅጉ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲገባ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ግፊቱ ቢጐድል እንኳ የሚሞላው ዕቃው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በመጨረሻ ክርክሩ ሲያሰለቸው ጣቱን ወደ ቀዩ ቍልፍ ላከ።

“አንተ ልጅ፥” አሉ አክስቴ ድርሳናቸውን ሳያጥፉ፥ “ናቡከደነፆር እቶኑን ሰባት እጅ ባስነደደው ጊዜ ሠለስቱ ደቂቅ ምን ሆኑ?”

“ገብርኤል አወጣቸዋ፥ እማማ።”

“ያስገቧቸውስ ሰዎች?”

ሊቀ ጠበብት ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነውና መልሱን ያውቅ ነበር፤ ጣቱንም መለሰ። እኔ ቦይለሩን ከኤሌክትሪኩ ለይቼ፥ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን የጋዝ መዝጊያ ከቧንቧው ጋር መስቀልኛ እስኪሆን አዞርሁት፤ በዚህም ነገሩ አበቃ። አክስቴ ግን ሥርዓቱ እንዲሟላ ፈልገው በቦይለሩ ክዳን ላይ ጠበል ረጩ። ኤሌክትሪኩ አስቀድሞ ስለ ተቋረጠ አልተቃወምሁም።

ከዚህም በላይ መስኮቱን ከፈቱት። ውጭው የሚያቃጥል ብርድ ነበርና ሊቀ ጠበብት ጮኸ፤ ነገር ግን በዚህ ጕዳይ ሊቁ እርሳቸው ነበሩ። የሚነድድ ከሰል ወደ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ጧት እንደማይነሣ በአገራችን ያልሰማ የለም፤ ያ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፥ አየር ያጠረው ወይም የጢስ ቧንቧው የተደፈነ ቦይለርም የሚያወጣው ያንኑ ነው። ቀለም የለው፥ ሽታ የለው፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጅ በላይ በርትቶ ነው። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ ይጀምርና ሰውየው ከቤት ሲወጣ ይሻለዋል፤ ሲመለስ ያገረሽበታል፤ ብዙ ሰውም ጕንፋን ነው ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል። በዕቃው ዙሪያ ጥላሸት ከታየ፥ ወይም ሰማያዊ መሆን የሚገባው ነበልባል ቢጫ ከሆነ፥ የዚሁ መርዝ ምልክት ነው። ሊቀ ጠበብት ግድግዳው ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ ደወል አለመጮኹን ለቦይለሩ ጤንነት ምስክር አድርጎ አቀረበ። ደወሉን በፈረንጆቹ አቈጣጠር ከጥቅምት 2022 ወዲህ በእንግላንድ የሚያከራይ ሁሉ ቦይለር ባለበት ክፍል እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል፤ መልካም ሕግ ነው፤ ደወሉ ግን የሚናገረው መርዙ ሲደርስበት እንጂ ስለ ፓምፕና ስለ ኖራ የሚያውቀው ነገር የለም።

ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ መስኮቱን ዘግተን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን አደርን። ገላችንን በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በፈላ ውኃ ስንታጠብ ሰነበትን፤ አክስቴም “ለዚህ ነው ባሕር የተሻገራችሁት?” ብለው ጠየቁ፤ መልስ ያገኘ አልነበረም።

ባለሙያው ፈረንጆቹ ከበዓላቸው ሲነቁ መጣ። አክስቴ ደጃፍ ላይ አስቁመው ወረቀቱን አሳየኝ በለው አሉኝ፤ የጠየቁትም በአገራችን ልማድ ማኅተም ያለበትን ነገር ስለሚያምኑ ነበር እንጂ ደንቡን ዐውቀው አልነበረም። ሰውየው ግን ደስ ብሎት ፎቶግራፉ ያለበትን መታወቂያ አወጣ፤ በጀርባውም የትኛውን የጋዝ ሥራ ለመሥራት እንደሚችል ተዘርዝሮ ነበር። ክዳኑን ፈትቶ፥ ከራዲያተሮቹ ዝገት የመጣ ጥቍር ዝቃጭ ከውኃው ጋር ሲወርድ አሳየን፤ ፓምፑን አስሮ የያዘው እርሱ ነበር። ፓምፑን ለወጠ፤ መሥመሩን አጠበ፤ ዝገቱን የሚይዝ ባለማግኔት ማጣሪያ ተከለ። የሙቀት ጠባቂውን ሲመረምር ሥራውን በትክክል እንደ ፈጸመ መሰከረለት። ሊቀ ጠበብት ይህን ሁሉ ከጀርባው ቆሞ ሲመለከት “እኔም ፓምፑ ነው ብዬ ነበር” አለ፤ እውነቱን ነው፥ ብሎ ነበር።

ቀሪው ክርክር ከአከራያችን ጋር ነበር። በፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1998 የወጣው የጋዝ ደንብ አከራይ በየ12 ወሩ የጋዝ ዕቃዎቹን እንዲያስመረምርና የምርመራውን ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ እንዲሰጥ ያዝዛል። ወረቀታችንን ስንጠይቃቸው ሌላ ጊዜ የማይለያቸው ሙዚቃ በድንገት ተቋረጠ፤ ሂሳቡንም ያለ ተጨማሪ ቃል ከፈሉ።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ በዚህ አገር የምትኖር ከሆነ፥ ይህን ወረቀት ብርዱ ሳይገባ በመስከረም ጠይቅ፤ በታኅሣሥ ባለሙያ አይገኝምና። ቦይለርህ ከልክ በላይ ከጋለ አጥፋው፤ ክዳኑን አትንካ፤ የተመዘገበ ሰው ጥራ። ጋዝ የሸተተህ እንደ ሆነ ግን መብራት ሳታበራም ሳታጠፋም መስኮቱን ክፈት፤ ከቤት ከወጣህ በኋላ በ0800 111 999 ደውል፤ ስልኩ ቀንም ሌሊትም፥ በገናም ሳይቀር ይነሣል፤ ገንዘብም አያስከፍልም።