በቁጥር ለተወሰነው ታንክ የቀረበ ውዳሴ

ከሰው ልጅ ባሕርይ ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው ልክን ማወቅ እንደ ሆነ፣ ነገሥታት በግዛት፣ ባለጸጎች በወርቅ፣ ደራሲዎችም በቃል ብዛት ልክ ማጣታቸውን መጻሕፍት ሁሉ ሲመሰክሩ፣ በዘመናችን ግን ማንም ሳያስገድዳቸው እጃቸውን ከሥራ የሚገቱ፣ «ይህን ያህል ሠርተናል፤ ከእንግዲህ ወዲህ አንድ እንኳ አንጨምርም» ብለው ቃል ኪዳን የሚገቡ ትሑታን ነጋዴዎች ተነሥተው ሳለ፣ ትሩፋታቸውን የሚያወሳ አንድ ብዕረኛ አለመገኘቱ ሲያሳዝነኝ ቆይቷል። ትሑታን ያልኋቸው ከቀለጠ ዚንክ ትንንሽ ታንክ፣ ብረት ለበስና የወታደር ካሚዮን እያፈሰሱ፣ ለሕፃናት ሳይሆን ጠጉራቸው ለሸበተ ሰብሳቢዎች የሚሸጡትን የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የሆንግ ኮንግ ኩባንያዎች ነው። በካርቶኑ ፊት «በቁጥር የተወሰነ ምርት» የሚል ጽሑፍ ይታተማል፤ በውስጡም ይኸኛው ታንክ ከሺሁ ወይም ከአምስት ሺሁ ስንተኛው እንደ ሆነ የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ይቀመጣል። ወረቀቱን የጻፈው ሻጩ ነው፤ የፈረመበትም ሻጩ ነው፤ ቁጥሩን የቆጠረውም ሻጩ ራሱ ነው። በአገራችን ወግ በዋርካ ጥላ ሥር የተቀመጠ ዳኛ ይህን የመሰለ ምስክር ቢቀርብለት «ሌላ ሰው ጥራ» ማለቱ አይቀርም ነበር፤ የሠለጠነው ዓለም ግን ሰውን በቃሉ ያምናል፤ ይልቁንም ቃሉ በወፍራም ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም ታትሞ ሲገኝ።

የትሕትናቸውን ጥልቀት ለመረዳት ግን የአሠራሩን ነገር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሙቀት ገደማ የሚቀልጥ የዋህ ማዕድን ነው፤ ጥቂት አልሙኒየም ሲቀላቀልበት ደግሞ ከዚያም ባነሰ እሳት ይታዘዛል። ቀልጦ በኃይል ወደ ብረት ፎርማ ሲገፋ በጥቂት ሴኮንድ ረግቶ፣ ብሎኑና የሰንሰለቱ ጥርስ ሳይቀር ተቀርጾ ይወጣል። ወጪው ያለው ፎርማውን በመጥረብ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ በሚገባ ከተጠረበ በኋላ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ታንክ ቢያወጣ አይደክመውም። እንግዲህ ሺኛው ላይ ሲደርስ እንዲያርፍ የሚያደርገው የብረቱ ማርጀት ሳይሆን የባለቤቱ መንፈሳዊ ተጋድሎ መሆኑ ነው። ዕረፍቱ ግን ብዙ አይረዝምም። በጸደይ ግራጫ ተቀብቶ በሺህ የተወሰነው ታንክ በበጋ የሰሜን አፍሪካን በረሃ ቢጫ ለብሶ እንደ ገና በሺህ ይወሰናል፤ የገና በዓል ሲቃረብ የሩስያ በረዶ ወርዶበት ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ቀለም ሲያልቅ ደግሞ በጎኑ ያለው ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥርም ሲሰለች ጥቂት ቅጠል ይለጠፍበትና በኖርማንዲ የተዋጋው ነው ይባላል። በዚህ ሁሉ ቃል ኪዳኑ አልፈረሰም፤ የተወሰነው ግራጫው ነበረ እንጂ ቢጫው አይደለምና። በትርጓሜ ቤት ያረጁት የጎንደር ሊቃውንት እንኳ አንዱን ንባብ በዚህን ያህል አንድምታ ያፍታቱት አይመስለኝም።

በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ፣ በቢንስ ሮድ የነበረው የፍራንክ ሆርንቢ ፋብሪካ በ1930ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ዲንኪ ቶይስ የተባሉትን ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ማውጣት ሲጀምር፣ ከ1939ኙም ጦርነት በፊት የእንግሊዝን ጦር ታንኮች ከነሰንሰለታቸው ሠርቶ ሲያቀርብ፣ አሳቡ በተቻለ መጠን ብዙ ሠርቶ ለብዙ ልጆች በጥቂት ሳንቲም መሸጥ ነበረ፤ ምንኛ ስግብግብ ቢሆን ነው! ልጆቹም በበኩላቸው የምስክር ወረቀት የሚሰጣቸው ስላላገኙ ታንኩን የመጫወቻ ታንክ ብቻ መስሏቸው ተጫወቱበት፤ ከደረጃ ላይ አንከባለሉት፣ በአትክልት ቦታ ጭቃ ቀበሩት፣ በድንጋይ ደበደቡት፣ ለጓደኛቸው በብይ ለወጡት። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ መጫወቻውን ትቶ ለጦር ሥራ ዋለ። ከልጅ እጅ የተረፈውን ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ከዚንኩ ጋራ ሳይታወቅ የተቀላቀለ ጥቂት የእርሳስ እድፍ ውስጥ ለውስጥ እየሰነጠቀ፣ ብዙውን በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ፈርፍሮ ጣለው። እንዲህ በልጅ፣ በጦርነትና በኬሚስትሪ ተፈትኖ ከቀረው ጥቂቱ፣ አንዳንዱ ዛሬ በሐራጅ ሲሸጥ የሠራው ሠራተኛ በዚያን ጊዜ በዓመት ያላገኘውን ገንዘብ ያወጣል። የአሁኖቹ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ዘመን መጠበቅ፣ ልጆችንም ማድከም አስፈላጊ ሆኖ አላገኙትም፤ ብርቅነቱን ገና ዕቃው ከፋብሪካ ሳይወጣ በማተሚያ ቤት ያስጨርሱታል።

የቁጥር ነገር ከተነሣ፣ ሰብሳቢዎች እጅግ የሚወዱትን፣ ታይገር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ሄንሼል የተባለው ኩባንያ በካሰል ከተማ ከ1942 እስከ 1944 ድረስ፣ የበርሊን መንግሥት «ጨምር፣ ጨምር» እያለ ሲያስጨንቀው፣ የእንግሊዝም ቦምብ ጣዮች ከተማውን በላዩ ላይ ሲያቃጥሉበት፣ በመከራ ሠርቶ ያወጣው ታይገር 1,350 ያህል ነው። ምስኪኑ ሄንሼል በቁጥር የተወሰነ ምርት በመሥራት ላይ መሆኑን አላወቀም፤ ቢያውቅ ኖሮ ለእያንዳንዱ አዛዥ «የአንተ 847ኛው ነው» የሚል ወረቀት አስይዞ ወደ ሩስያ ይሸኘው ነበር። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ብቻውን ታይገርን በ5,000 ወሰንሁ ቢል፣ የውስኑ ቁጥር ካልተወሰነው እውነተኛ ቁጥር ሦስት እጥፍ በልጦ ይገኛል፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በየቀለማቸው ሲወስኑ፣ ሂትለር በሕይወቱ ያጣውን ብረት ለበስ ሠራዊት የለንደንና የኒው ዮርክ ጡረተኞች በመደርደሪያቸው ላይ አሟልተውለታል ማለት ነው። ማውስ የተባለውማ ይብሳል። ይህ 188 ቶን የሚመዝን ጉድ ተሠርቶ ለሙከራ የቀረበው ሁለት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በሞስኮ አጠገብ በኩቢንካ የሚታየው አንዱም ከሁለቱ አካል ተገጣጥሞ የቆመ ነው። የእርሱ ሞዴል ስንት ጊዜ እንደ ተወሰነ ግን የወሰኑት ራሳቸው እንኳ ቢቈጥሩት ይደክማቸዋል።

ከታይገሮቹ ሁሉ ዝነኛው 131 የሚል ቁጥር መድፉን ይዞ በሚዞረው ማማው ላይ የተጻፈበት፣ እንግሊዞች በ1943 በቱኒዚያ የማረኩትና ዛሬ በዶርሴት፣ በቦቪንግተን ሙዚየም የሚገኘው ነው። የተማረከበት ምክንያት ቀላል ነው፤ አንድ የእንግሊዝ ጥይት በማማውና በአካሉ መካከል ተሰንቅሮ ማማውን ስለ ያዘው ሰዎቹ ጥለውት ሸሹ። ይህን ታንክ ሞዴል አድርገው የሚሸጡ ሁሉ ታዲያ በማስታወቂያቸው ላይ ምን ብለው ይመካሉ ቢባል፣ «ማማው ያለ አንዳች ችግር ይዞራል» ብለው ነው።

የሰብሳቢው ተጋድሎ ከነጋዴው አያንስም። እውነተኛ ሰብሳቢ ካርቶኑን አይከፍትም። ማኅተሙ የተነሣ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ ጣት ያረፈበት ካርቶን ዋጋው እንደሚወድቅ ያውቃልና፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ታንክ በዓይኑ ሳያይ፣ በእጁ ሳይዳስስ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው መጋረጃ ጋርዶ፣ እርጥበት እንዳይነካው የክፍሉን አየር እየለካ ይኖራል፤ በደብረ ሊባኖስ ገደል ውስጥ የኖሩ መናንያን እንኳ ከዚህ ዓለም ደስታ ለመለየት ይህን ያህል መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። ፈቃደ ሥጋው ያሸነፈው ደካማ ካለ ሁለት ይገዛል፤ አንዱን ለማየት፣ አንዱን ላለማየት። የእኅቱ ልጅ ሊጠይቀው በመጣ ዕለት ክፍሉ ይቈለፋል፤ ሕፃኑ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቆ ያን ሁሉ ካርቶን አይቶ «አጎቴ፣ በእነዚህ ማን ይጫወታል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የሚሰጠው መልስ ስለ ብርቅነት፣ ስለ ገንዘብ ማዋያና ስለ ታሪክ ቅርስ የሚያትት ረዥም ድርሳን ነው፤ ሕፃኑ ግን ገና መቅድሙ ሳያልቅ ወደ ኳሱ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ቅድስና መካከል አንድ የሒሳብ እንቅፋት አለ። የቢንስ ሮዱ ታንክ የተወደደው ብዙው ጠፍቶ ጥቂቱ ስለ ቀረ ነው፤ የዛሬው ግን ሺሁም በሺህ ቁም ሣጥን ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተጠብቆ ስለሚኖር ዘላለም ሺህ ነው። ሊገዙት የሚመኙት ሰዎችም እነዚያው ሺህ ባለቤቶች ስለ ሆኑ፣ እርጅና ደርሶባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊሸጡ በወጡ ቀን ገበያው በሻጭ ብቻ ይሞላል። ኩባንያዎቹ ለደንበኞቻቸው በእውነት የሚያዝኑ ከሆነ፣ ከየሺሁ ዘጠኝ መቶውን እየተረከቡ በየደረጃው የሚያንከባልሉ፣ በድንጋይም የሚቀጠቅጡ ጤናማ ሕፃናት በደመወዝ ቢቀጥሩ ይበጅ ነበር።

እነዚህ ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ታሪክን ያከብራሉ ይባላል፤ አላስተባብልም። የአንድ ክፍለ ጦር ቢጫ ወደ ቡናማ ያደላ ነበር ወይስ ወደ አረንጓዴ በሚለው ጥያቄ ላይ ከኬልቄዶን ጉባኤ ያላነሰ ሙግት ይነሣል፤ ተወጋግዘው የቀሩ ወዳጆችም አይጠፉም። በታይገር ሆድ ውስጥ ስለ ነበሩት አምስት ሰዎች ግን የሚከራከር የለም። ከማማው ላይ ብቅ ብሎ የሚታየው አዛዥ ብዙ ጊዜ ከወገቡ በታች የለውም፤ ለመታየት የሚበቃው ያን ያህል ነውና ፋብሪካው እግሩን ቈጥቦታል፤ በእውነተኛውም ጦርነት እግራቸውን የተዉ ብዙዎች ስለ ነበሩ ይህ ከታሪክ ጋራ አይጣላም። ጭቃው በቀለም ይቀባል፤ አቧራውም ይረጫል፤ ደም ግን በኩባንያዎቹ የቀለም ዝርዝር ውስጥ ስፍራ አላገኘም። በጀርመን አገር የናዚን መስቀል በአደባባይ ማሳየት በሕግ ስለ ተከለከለ፣ አንዳንድ ሞዴል ሠሪዎች ምልክቱን ሁለት ቦታ ቆርጠው፣ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው አትመው በካርቶኑ ውስጥ ያኖሩታል፤ በዚህም ሕጉ ይከበራል፤ ገዢውም ሁለቱን ግማሽ አስማምቶ የመለጠፍ ነጻነቱ አይነካም። የዚህ ሁሉ ቀለም ቀቢ አብዛኛውን ጊዜ በቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ የተቀመጠች ሠራተኛ ናት። የታንኩ ተራ ቁጥር በወርቅ ሲጻፍ የእርስዋ ስም በእርሳስ እንኳ አልተጻፈም፤ የእርስዋ ዓይነቶቹ በቁጥር ያልተወሰኑ ናቸውና።

እኛም ኢትዮጵያውያን ከዚህ ጉባኤ ፈጽመን አልራቅንም። የጣሊያን ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው ትንሽ ታንክ ከሦስት ቶን ጥቂት የሚበልጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ የሚዞር ማማ ስለሌለውም መትረየሱን ወደ ፊቱ እንጂ ወደ ኋላው ማዞር የማይሆንለት ነበረ። በታኅሣሥ ወር በሽሬ በኩል፣ በደምበጉና በር፣ የራስ እምሩ ሰዎች ይህን ጠባዩን አይተው፣ መንገዱን በድንጋይ ዘግተው፣ መትረየሱ በማያይበት በኩል እየደረሱ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። የዚህ ታንክ ሞዴል ዛሬም ይሠራል፤ ቀለሙ ልክ ነው፤ ብሎኑ ልክ ነው፤ ሰንሰለቱም እንከን አይወጣለትም። ድንጋዩን ግን በካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ድንጋይ በፎርማ ስለማይፈስ ይሆናል ብዬ ለሠሪዎቹ ይቅርታ አድርጌአለሁ።

ውዳሴዬ ግን በምስጋና ብቻ እንዳይቀር፣ ይህን ቅዱስ ሥራ ወደ ፍጹምነት የሚያደርስ አንድ ምክር ልጨምር። ትሕትና መዓርግ አለው፤ በ5,000 የወሰነ ጀማሪ ነው፤ በ1,000 የወሰነ ማዕከላዊ ነው፤ በ100 የወሰነ ከፍጹማን ይቈጠራል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚሆነው በባዶ የሚወስነው ነው። ካርቶኑ የማይከፈት ከሆነ በውስጡ ታንክ መኖሩ ለማን ይጠቅማል? ኩባንያው ፎርማ ከመጥረብ ይድናል፤ የሌለ ዚንክ አይሰነጠቅም፤ የሌለ ቀለም አያከራክርም፤ የምስክር ወረቀቱም በውጭ ቢለጠፍ ሰብሳቢው ከቀድሞው የሚጎድልበት አንዳች ነገር የለም። ተጠራጣሪ ተነሥቶ ካርቶኑን ቢቀድ እንኳ፣ የንብረቱን ዋጋ በገዛ እጁ ያጠፋ መሆኑን ተረድቶ የግዱን ዝም ይላል፤ ምናልባትም መልሶ አሽጎ ለጎረቤቱ ይሸጠዋል።

የቀረው የክብደት ነገር ብቻ ነው፤ ካርቶኑ በእጅ ሲመዘን እንዳይቀል አንድ ነገር ይግባበት። ለዚህም፣ አገራችን የውጭ ምንዛሪ ታገኝ ዘንድ፣ የደምበጉናን ድንጋይ አቀርባለሁ፤ ታንክን በማቆም ረገድ የታወቀ አገልግሎት ስላለው ከየትኛውም ዚንክ ይልቅ የታሪክ ማስረጃ አለው። ለጊዜው ከተራራው 1,000 ብቻ እንዲፈለጥ፣ እያንዳንዱም ተራ ቁጥር እንዲጻፍበት፣ ከዚያ በላይ አንድ ጠጠር እንኳ እንዳይወጣ ቃል ኪዳን እገባለሁ። ይህ ተሽጦ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ነጭ ቀብተን እናወጣለን።