ፍልውሃውን ሳያዩ ከእንጦጦ መውረድ
ሥራ ብሎ አገር ለመቀየር ለሚያስብ ፕሮግራመር፣ ሰባት የስህተት መንገዶች

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እናትሽ ቤት ቡና ሲፈላ ያሳየሽኝ የሥራ ቅጥር ወረቀት ሁለት ገጽ ነበረው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደመወዙ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ያንን ለእናትሽም፣ ለጎረቤትም፣ ለእኔም አነበብሽልን። ሁለተኛውን ገጽ ግን በረካው ተጠጥቶ ሲኒው እስኪነሳ ድረስ አልገለጥሽውም። መልስ መስጫው መቼ ነው ብልሽ «እስከ ዓርብ ነው፣ አጎቴ» አልሽኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራመር ሆኖ ባሕር ማዶ መሄድ ትልቅ ነገር ነው፤ ውሳኔውም ያንቺ ነው። ስለዚህ «ሂጂ» ወይም «ቅሪ» አልልሽም። ምክሬን ገልብጬ ጽፌልሻለሁ። ሰው እንዲህ ያለ ውሳኔ ላይ እንዴት እንደሚሳሳት በዓይኔ አይቻለሁና የስህተቱን መንገድ በየደረጃው አስቀምጬልሻለሁ። እያንዳንዱን አንብቢና ተቃራኒውን አድርጊ።

አንደኛ፦ ቁጥሩን በብር አባዢና ወረቀቱን እጠፊ።

መሳሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ ማንኛውም የውጭ ደመወዝ በብር ሲባዛ ራስ ያዞራል። እዚያ ስትደርሺ ግን ኪራዩም፣ ባቡሩም፣ ዳቦውም የሚከፈለው በዚያው አገር ገንዘብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ወረቀት ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ግብር ያልተቀነሰለት ደመወዝ ነው። ዱባይ ደመወዝ ላይ ግብር የለም፤ ኪራዩ ግን ራሱን የቻለ ግብር ነው። እዚህ እናትሽ ቤት በነፃ የምትተኚበት ክፍል እዚያ የደመወዝሽን ትልቅ ድርሻ ይበላል።

ከዚያ ደግሞ ቦነስ የሚሉት አለ። በገንዘብ ድርጅቶች ዘንድ ከክፍያው ጥቂት የማይባለው በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም አሠሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ከመክፈያው ቀን በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው ብዙውን ጊዜ አያገኘውም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቱን የማላይ» የተባለው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ ግብር፣ ኪራይ፣ መጓጓዣ፣ ምግብና ለእናትሽ የምትልኪው ተቀንሶ፣ ያለ ቦነስ በወር ስንት ይተርፈኛል? ቁጥሩ እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ «ኮድ ያው ኮድ ነው» በዪ።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ታስታውሻለሽ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው በመልእክት መተግበሪያዎች ተሰራጨ፤ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቆመ። በኋላም የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ በሲስተሙ ላይ ከተሠራ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንደነበረ ገለጸ፤ ያለአግባብ የወጣውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ተደረሰ። አንድ ስህተት ከኮምፒውተር ወጥቶ ስንት ቤተሰብ ውስጥ እንደገባ አስቢ።

ባሕር ማዶም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ድርጅት አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። በሰባቱ ተጫነ፤ አንዱ ተረሳ። ገበያው ሲከፈት በተረሳው ሰርቨር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የነበረ አሮጌ ኮድ ነቃና በ45 ደቂቃ ውስጥ ድርጅቱን ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር አከሰረው።

ይህንን በቅርብ ማየት ከፈለግሽ ዛሬ ማታ ላፕቶፕሽን ክፈቺና በፓይተን 0.1 እና 0.2 ደምሪ። 0.3 አይልሽም፤ 0.30000000000000004 ይልሻል። ኮምፒውተሩ ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም። ፎቶ የሚያሳምር ፕሮግራም ላይ ይህ ምንም አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሂሳብ ላይ ግን የሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ፕሮግራመሮች ብርን በሳንቲም ቆጥረው በሙሉ ቁጥር ይይዙታል፤ አለዚያም ለአስርዮሽ ተብሎ የተሠራውን የቁጥር ዓይነት ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያስደስትሽ ከሆነ ይህ ሥራ ያንቺ ነው። የሚያሰለችሽ ከሆነ ደመወዙ አያጽናናሽም። ከመፈረምሽ በፊት አንቺም ጠይቂ፦ ኮዴን ማን ይመረምራል? ሌሊት ተረኛ ማን ነው፣ በወር ስንት ሌሊት? ስህተት ሲፈጠር ሰውየውን ነው የምትፈልጉት ወይስ መንስኤውን?

ሦስተኛ፦ ያገናኘሽን ሰው እመኚ፣ የድርጅቱን ስም አትጠይቂ።

ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው ለታይላንድ ጦር ከተሰጡት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ባሉ ግቢዎች ውስጥ የወደቁ ብዙዎች የተጠሩት ታይላንድ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ ጥሩ የሚከፈልበት ሥራ አለ ተብለው ነው። ከዚያ ድንበር አሻግረው በአጥር ውስጥ ዘጉባቸው፤ በሐሰተኛ የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት የማያውቁትን ሰው እንዲያታልሉ አስገደዷቸው፤ እምቢ ያለውን ደበደቡት። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ፣ ሥራ የጠማው ልጅ ለእነሱ እንደ ዕቃ ይሸጣል።

የያዝሽው ወረቀት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አጣሪ። ትክክለኛ አሠሪ ለሥራ ብሎ ከአንቺ ገንዘብ አይጠይቅም። በቱሪስት ቪዛ ግቢና እዚያ እንቀይርልሻለን አይልም። ፓስፖርትሽን አይዝም። የገንዘብ ድርጅት ከሆነ ደግሞ የሚቆጣጠረው መንግሥታዊ አካል አለ፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ስም ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ያኖራል። ስሙን እዚያ ፈልጊ፤ ከዚያም በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ባለው ደውዪ።

አራተኛ፦ ቪዛው ከተገኘ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው በዪ።

በብዙ አገር የሥራ ቪዛ የሚታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው ቪዛ የሚሠራ ሰው ከሥራ ከተሰናበተ፣ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ወይም አገሩን ለቆ ለመውጣት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። የፋይናንስ ዓለም ደግሞ ሲናጋ ይናጋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2008 የ158 ዓመት ዕድሜ የነበረው ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅ 25,000 ገደማ ሠራተኞች ነበሩት። እዚህ ሥራ ብታጪ ነገ የምታድሪው የምታውቂው ቤት ነው። እዚያ በሁለት ወር ሻንጣ ልታነሺ ትችያለሽ። የአውሮፕላን ቲኬትና የሦስት ወር ወጪ ሳትይዢ አትነሺ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያየሁትንም ልንገርሽ። የመዛወሪያ ወጪ እንሸፍናለን ይላል፤ ዝቅ ብሎ በትንሽ ፊደል፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከለቀቅሽ ትመልሻለሽ ይላል። እኔ በወጣትነቴ ሌላ ከተማ የወሰደኝን ሥራ ስፈርም እንዲህ ያለውን አንቀጽ አላነበብኩትም ነበር። በሰባተኛው ወር አባቴ ሲታመም ስመለስ የከፈሉልኝን ሁሉ ከፍዬ ወጣሁ፤ ለአባቴ መታከሚያ ያስቀመጥኩት ነበር። ከለቀቅሽ በኋላ ከተፎካካሪ ድርጅት ጋር ለስንት ወር መሥራት እንደማትችዪም እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል። የሥራ ውል የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው። የአንድ ቀን ክፍያ ነው።

አምስተኛ፦ ወረቀትሽን በመጨረሻው ሳምንት አሰብስቢ።

ዲግሪ ማረጋገጥ፣ ሰነድ ማስተርጎም፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ኤምባሲ፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። የልደት ቀንሽ በአንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጅ ከሆነ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የምትለያይ ሌላ ሰው ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። ፓስፖርትሽ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን ዛሬውኑ እዪ። የቪዛ ቃለ መጠይቁ «3 ሰዓት» ከተባለ የማን 3 ሰዓት እንደሆነ ጠይቂ።

ስድስተኛ፦ እዚህ ያለውን ሳታዪ ተነሺ።

አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ በስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ እዚህ ገና ብዙ አልተስፋፋም ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀመረ። ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ወጥቶ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ተመረቀ። በታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። ይህ ሁሉ የሚቆመው በኮድ ነው፤ ኮዱን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ቀን ሙሉ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ገበያተኛው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ መሆን አለበት። ያንን አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን የምለው እንድትቀሪ አይደለም። ፈርቶ መቅረትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ እዚያ ያለውን የገበያ ጥልቀትና የሥራ ሥርዓት በቶሎ የሚያስተምርሽ እዚህ ላይኖር ይችላል። የምለው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከዚህ ሆነሽ መሥራት ትችዪ እንደሆነም ጠይቂያቸው። እምቢ ቢሉ ምክንያታቸውን ትሰሚያለሽ፤ እሱም ትምህርት ነው።

ሰባተኛ፦ ሸክሙን ሳትሞክሪ ተሸከሚ።

ከእንጦጦ እንጨት ይዘው የሚወርዱትን እናቶች መታጠፊያው ላይ ቆመሽ ተመልክተሽ ታውቂያለሽ? ሴትዮዋ ዝም ብላ ከፍ አታደርገውም። መጀመሪያ ትቀመጣለች፤ ጀርባዋን ለእንጨቱ ሰጥታ ገመዱን በደረቷ ታጠብቃለች። ከዚያ ሁለት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ትወዘወዛለች። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ፈትታ እንደገና ታስራለች። ሲስተካከል ብቻ ጓደኛዋ እጇን ይዛ ታነሳታለች።

የአንቺ ሸክም ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነው። እናትሽን ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወስዳት ማን ነው? ዕድሩ ላይ በእሷ ስም ማን ይቆማል? የበዓል ቀን በዚያ ከተማ የማንን በር ታንኳኪያለሽ? ቀድመውሽ የሄዱ ልጆች እዚያ ካሉ ደውዪላቸው፤ ስለ ደመወዛቸው ሳይሆን ባለፈው ጥር ቅዳሜ ማታ የት እንደነበሩ ጠይቂያቸው። ከእናትሽም ጋር አልቅሳችሁም ቢሆን አሁን ተነጋገሩበት።

ይህ የምንኖርበት ከተማ ራሱ የመዛወር ውጤት ነው፣ ልጄ። የምኒልክ መቀመጫ እላይ እንጦጦ ነበር። ተራራው ጠላት ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ግን ብርድና ነፋስ ነው፤ እንጨቱም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወረዱ፤ በውሃው ታጠቡ፤ ሜዳውን አዩት፤ አየሩን ወደዱት። መጀመሪያ እዚያ አንድ ቤት አሠሩ። በ1879 ዓ.ም. ስሙን አዲስ አበባ አሉት፤ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። ቤተ መንግሥቱ ከመከተሉ በፊት ውሃውን የነካ ሰው ነበረ።

ከወረዱም በኋላ የኋላውን በር አልዘጉትም። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እላይ፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

እንግዲህ እስከ ዓርብ ላሉሽ ሰዎች ዛሬውኑ ጻፊና አንድ ሳምንት ጨምሩልኝ በያቸው። ለዓመታት ሊያሠሩሽ የሚፈልጉ ሰዎች ሰባት ቀን ይታገሡሻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንጦጦ ማርያም እጠብቅሻለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።