እንግዳ ጓዳ አይገባም፦ ስለ አዲስ ዲቨሎፐር አቀባበል የቀረበ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት አዲስ ዲቨሎፐር ሲቀጥር የሚፈጸመው ሥርዓት እስካሁን የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት አላገኘም። የቅጥር ደብዳቤው ሰውየውን “ሠራተኛ” ይለዋል፤ የሚደረግለት ሁሉ ግን የእንግዳ ነው። ጠዋት ሲገባ ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ ይጨብጠዋል። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ሲጨመር “እንኳን ደህና መጣህ” ይዘንብበታል። ምሳ ይጋበዛል፤ እሱ አፍሮ ሽሮ ሲያዝ ቲም ሊዱ ጥብስ ያስጨምርለታል። ከሰዓት በኋላ “ኮዱን ማየት እችላለሁ?” ያለ እንደሆነ ግን ፊቶች ይለወጣሉ። “ምን አስቸኮለህ? ገና መምጣትህ እኮ ነው!” የጥናታችን መላምት የሚነሣው ከዚህች መልስ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም፤ ኮዱ ደግሞ የድርጅቱ ጓዳ ነው። እንዲያውም አቀባበሉ በሞቀ ቁጥር ጓዳው ይበልጥ የተዝረከረከ መሆኑን መገመት ይቻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሕግ አውጪው ያሰበው አሠሪው ሠራተኛውን እንዲፈትሽ ነበር። ቀኖቹ እንዴት እንደሚያልቁ ለሚከታተል ግን ፈታኙና ተፈታኙ ቦታ መለዋወጣቸው ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ላፕቶፑ “ግዢ ላይ” ነው። ላፕቶፑ ሲመጣ ፓስወርዱን የሚሰጠው ሰው ፈቃድ ላይ ነው። እሱ ሲመለስ ደግሞ ፓስወርዱን ለመስጠት የሚያስፈልገው ፓስወርድ ሌላ ሰው ዘንድ ይገኛል። ስለ እንግዳ ሲነገር የመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ብር፣ ሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እንግዳው ፓስወርድ እስኪያገኝ ድረስ ወርቅ እንደሆነ ይቆያል። በመጨረሻ ሲገባ የሚቀበለው “መጀመሪያ ይህን አንብቡ” የሚል ፋይል ነው። ፋይሉ ሦስት ትእዛዞች ይዟል። ሁለቱ አይሠሩም፤ ሦስተኛው “የቀረውን እኔን ጠይቁኝ” ይላል። ፊርማ የለውም። በተደረገው ማጣራት ጸሐፊው ካናዳ መሆኑ ታውቋል።

የጓዳው ጥልቅ ክፍል ግን ከዚህ አልፎ ይገኛል። ደመወዝ በሚያሰላ አንድ ፕሮግራም መካከል፣ “እንዳትነኳት” የሚል ማሳሰቢያ ከላይዋ የተጻፈባት መስመር አለች እንበል። መስመሯ ከአሥራ ሦስተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ትቀንሳለች። ለምን እንደምትቀንስ ነባሮቹ ሲጠየቁ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አንድ ጊዜ ተነክታ ነበር” ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይናገርም። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ስለምትሆን ነገሩ ከዚያች ቀን ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። የመጨረሻዋ ጳጉሜን 6 የዋለችው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ መስመሯን የጻፈው ሰው ደግሞ ያው ካናዳ ነው። ስለዚህ መስመሯ እንደ መቅደስ ተከልላ ትኖራለች። እንግዳውም ሌላ ቡና ይቀዳለታል።

ይህን መላምት የሚቃወሙ አልጠፉም። የመጀመሪያዎቹ “ነገሩ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ትናንት የመጣ ሰው ዳታቤዝ ውስጥ ዝም ብሎ አይለቀቅም” ይላሉ። ክርክራቸው ጠንካራ ነበር፤ ችግሩ የዋናው ሰርቨር ፓስወርድ እንግዳው በተጨመረበት በዚያው ቴሌግራም ግሩፕ ከላይ ፒን ተደርጎ መገኘቱ ነው። ሁለተኛዎቹ ፍሬድ ብሩክስን ይጠቅሳሉ። አይቢኤም ውስጥ የኦኤስ/360ን ሥራ የመራው ብሩክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል፤ ነባሮቹ ሥራቸውን ትተው አዲሱን ያስተምራሉና። ይህ ለእኛ ጉዳይ አይሆንም። እኛ ዘንድ ማንም ማንንም ስለማያስተምር፣ ሥራው የሚዘገየው በራሱ ምክንያት ነው። ሦስተኛዎቹ ኤትሲ የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ ያነሣሉ። በዚያ ድርጅት አዲስ ዲቨሎፐር ገና በመጀመሪያ ቀኑ ፎቶውን በድርጅቱ ገጽ ላይ ጨምሮ ኮዱን ሥራ ላይ እንዲያውል ይደረግ ነበር። በእርግጥ በዚህ መንገድ ሰውየው ወዲያው ሠራተኛ ይሆናል። ግን ከበር የገባን እንግዳ ማማሰያ አስይዞ ወጡን አማስል ማለት በየትኛው ባህል ነው ክብር የሚሆነው? ደግሞስ ለእንዲህ ያለው ድፍረት ወጡ ተሠርቶ፣ ምድጃውም የት እንዳለ ታውቆ መገኘት አለበት።

የቀረው ጥያቄ እንግድነቱ መቼ ያበቃል የሚለው ነው። ስልሳው ቀን ሲሞላ አይደለም፤ ያ ቀን ብዙ ጊዜ ማንም ሳያስታውሰው ያልፋል። ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሰው ስለዚያች መስመር ሲጠይቀው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ “እሷን ተዋት” ያለ ዕለት ቤተኛ ሆኗል። ከዚያን ዕለት ወዲህ የምሳውን ሒሳብም ራሱ ይከፍላል። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ ይውላል።