ባሕር በር በሳሎን

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. ባሕር በሯን ካጣች ወዲህ ጉዳዩ በየቡና ቤቱ ይመከርበታል። የቡኢ ከተማ ሰው ግን መንግሥትን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም፤ ቀይ ባሕርን በመስታወት ገንዳ ሳሎን ማስገባት ይችላል። የቀረው የገንዳው ቅርጽ ብቻ ነው።

ክቡ ለፎቶ ያምራል፤ ዓሣው ግን አንዴ ዓሣ ነባሪ፣ አንዴ ክር መስሎ ይታያል። ረጅሙና ጠባቡ እንደ ጢያ ትክል ድንጋይ ቀጥ ብሎ ጎረቤት ያስቀናል። ችግሩ፣ ኦክስጅን የሚገባው በውኃው ገጽ በኩል ነውና አፈ ጠባብ ገንዳ ዓሣውን ያፍነዋል። የሚሻለው ዝቅ ያለ፣ ሰፊ አራት ማዕዘን ነው፤ እሱ ሲገባ ሶፋው ይወጣል፣ እንግዳም በረንዳ ይቀመጣል። ቡፌው ላይ ልጫነው ያለ ደግሞ 200 ሊትሩ ከ200 ኪሎ እንደሚበልጥ ይወቅ።

ገንዳውን ለመሙላት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 10 ጊዜ ይገለበጣል። ቧንቧ በመጣ ቀን ሰልፉ መሃል ቆሞ «ለዓሣ ነው» ለማለት የሚደፍር ካለ ይሞክራት። ውኃው ባሕር እንዲሆን ደግሞ በሊትር 35 ግራም፣ በድምሩ 7 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል፤ እሱም የወጡ ጨው አይደለም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ልዩ ድብልቅ እንጂ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆምና ሞገዱም ይጠፋል።

የባለ ገንዳው እናት ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ዓሣው ለፍልሰታ ይደርሳል?»