የተጣጣፊው ላፕቶፕ እጥፋቶች፦ ያልተሟላ ጥናት

ስለ ጤፍ አዘራር፣ ስለ ዋልያ አኗኗርና ስለ ቡና አቆላል ብዙ ተጠንቷል። ስላገለገለ ተጣጣፊ ላፕቶፕ ግን ያለው የሻጭ ማስታወቂያና የገዢ እሮሮ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። የተመሠረተው በአንድ ናሙና ላይ ነው። ናሙናው የአጥኚው የግል ንብረት ሲሆን፣ ሁለተኛ ናሙና ለመግዛት የቀረበው የበጀት ጥያቄ በአጥኚው ባለቤት ውድቅ ተደርጓል።

ናሙናው ባለ 13 ኢንች ስክሪን፣ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ክብደቱም ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። የሠሪው ስም ለጥናቱ አያስፈልግም። ሻጩ «አሜሪካ ቢሮ ውስጥ ብቻ ያገለገለ ነው» ብሎናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ መገናኛም ይሁን ቦሌ፣ ከቢሮ ውጭ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲሸጥ የታየበት ጊዜ የለም። ዕድሜ ልኩን ሶፋ ላይ ፊልም ሲታይበት የኖረው ሁሉ የት እንደሚገባ ሌላ አጥኚ ይድረስበት። የናሙናው ጀርባ ላይ የንብረት ቁጥር የነበረበት ቦታ በምላጭ ተፍቋል፤ የተፋቀው ቦታ ከሌላው ይልቅ ንጹሕ በመሆኑ ምሥጢሩን ራሱ ያወጣል።

ታሪኩን በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቢል ጌትስ ላስ ቬጋስ ላይ፣ ኮምዴክስ በተባለው የኮምፒውተር ትርኢት፣ በብዕር የሚጻፍበት ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ዓይነት እንደሚሆን ተነበየ። በ2002 ማይክሮሶፍት ታብሌት ፒሲን አወጣ። አምስቱ ዓመት አለቀ፤ ሰው ያንኑ የማይታጠፈውን መግዛቱን ቀጠለ። የያኔዎቹ ተጣጣፊዎች ስክሪን መሃል ላይ በተተከለች በአንዲት አንገት ላይ ይዞርና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ኪቦርዱ ላይ ይተኛ ነበር። በ2012 ሌኖቮ ዮጋ የተባለውን ሲያወጣ አንገቷ ቀርታ ስክሪኑ በማጠፊያ ወደ ኋላ ሙሉ ዙር ይታጠፍ ጀመር። በ2014 ደግሞ ያው ኩባንያ በብረት ሰዓት ማሰሪያ አሠራር የተሠራ፣ 813 ቁርጥራጭ ያለው ማጠፊያ ይዞ መጣ። ዛሬ የእኛ ገበያ «ስሪ ሲክስቲ» እያለ የሚጠራው ቤተሰብ የዘር ሐረጉ ይኸው ነው።

አምራቾች የዕቃውን አቋም በአራት ይከፍሉታል፦ ላፕቶፕ፣ መቆሚያ፣ ድንኳንና ታብሌት። ይህ አከፋፈል ዕቃውን እንጂ አጣፊውን ስለማያይ አይረባም። እጥፋት መመደብ ያለበት በሚያጥፈው ሰው ነው።

የመጀመሪያው የሻጭ እጥፋት ነው። በአንድ እጅ ይፈጸማል፤ ሲጀመርና ሲያልቅ መካከሉ አይታይም። ሻጩ ስክሪኑን ወደ ኋላ ወርውሮ ይመልሰውና «አየኸው? ቅቤ ነው» ይላል። ሻጭ መሃል ላይ የማይቆመው በምክንያት ነው። የስክሪኑ ኬብል የሚያልፈው በማጠፊያው ውስጥ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ የቆሰለ ኬብል ስክሪኑን የሚያርገበግበው ወይም ጨርሶ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በሆነች አንድ ማዕዘን ላይ ነው። ቶሎ ያለፋት አላያትም።

ሁለተኛው የባለቤት እጥፋት ነው፦ በሁለት እጅ፣ ሁለቱም ጥግ እኩል ተይዞ፣ ትንፋሽ ተውጦ። በአንድ ጥግ የተጎተተ ስክሪን ጉልበቱን በአንደኛው ማጠፊያ ላይ ብቻ ስለሚጥል ይህ አያያዝ ትክክል ነው። ችግሩ ዕቃው ከተገዛበት ሰሞን በኋላ አለመታየቱ ነው።

ሦስተኛው የእንግዳ እጥፋት ሲሆን የዚህ ጥናት ዋና ክፍል ነው። እንግዳ ሲባል ዕቃው እንደሚታጠፍ ሳያውቅ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ነው፤ አከራይ፣ የቆጣሪ አንባቢ፣ የእድር ሰብሳቢና ዘመድ ይጨምራል። እንግዳ መጀመሪያ ይመለከታል፣ ቀጥሎ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ራሱ ያጥፋል። ሂደቱ በዲግሪ ይለካል።

ከ90 እስከ 135 ዲግሪ ድረስ እንግዳው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል። 150 ላይ ወሬው ይቆማል። 180 ላይ፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ሲተኙ፣ «በቃ፣ በቃ፣ አየነው» የሚል ለስላሳ ተቃውሞ ይሰማል። 180ን ጥቂት ሲያልፍ ግን ይህ ጥናት «የመቶ ሰማንያ ጩኸት» ብሎ የሰየመው ነገር ይከሰታል። ቃሉ እንደ እንግዳው ዕድሜና ሃይማኖት ይለያያል፤ «ኧረ በስመ አብ!»፣ «ያ አላህ!»፣ «አንተ! ሰበርከው!»። አከራያችን እማማ አማትበው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። የሚያስደንቀው፣ ማሽኑም ኪቦርዱን የሚያጠፋው እዚያው አካባቢ መሆኑ ነው። በውስጡ ያሉት ሴንሰሮች ስክሪኑ ከጠፍጣፋው መስመር ወደ ኋላ ማለፉን ሲያውቁ ቁልፎቹ ሥራ ያቆማሉ። ማሽኑም እንግዳውም አንድ ቦታ ላይ ይደነግጣሉ ማለት ነው።

270 ላይ ዝምታ ይሰፍናል። 360 ላይ፣ ስክሪኑ ዞሮ ከጀርባው ጋር ሲገጥም፣ እንግዳው እጁን ይዘረጋል። «እስቲ ለኔ።»

«እስቲ ለኔ» ባይ እንግዳ ራሱን የቻለ ንዑስ ክፍል ይገባዋል። ልጅ ከሆነ ሳይፈራ ያጥፋል፤ ፍጥነቱ ከሻጭ አይተናነስም። የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ከሆነ «የኔም እኮ እንዲህ ነው» ይልና ማግስቱን የራሱን፣ 135 ላይ የሚያበቃውን፣ ለማረጋገጥ ይሞክራል። የዚህን ውጤት መጻፍ ያሳዝናል። ከሁሉ የጠለቀው ግን በዕድሜ የገፋው ዘመድ ነው። ለአብነት በአንድ የፋሲካ ማግስት የአክስቴ ባል ዕቃውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያደረጉት ምርመራ ቃል በቃል ተመዝግቧል።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚሠራ?»

«ኩባንያው ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ፊልም ለማየት ይመቻል።»

«ሳይታጠፍ ፊልም አይታይበትም?»

«ይታይበታል።»

«ለመጻፍስ?»

«ሲታጠፍ ኪቦርዱ አይሠራም።»

ጋሼ ዕቃውን ገልብጠው ቁልፎቹን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ አረጋገጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ አንተ ልጅ፣ ኪቦርዱ እንዳይሠራ ነው ጭማሪ የከፈልከው?»

ጥናቱ እስኪታተም ድረስ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተገኘም። ጋሼም መልስ አልጠበቁም። አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ደግመው አጠፉት። ከኩሽና አክስቴን ጠሩ። አክስቴ 180 ላይ ስትጮህ ጋሼ በባለቤት ድምፅ «ዝም በይ፣ እንዲህ ነው የተሠራው!» አሏት። ከዚያ ጎረቤት ተጠራ። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈበትም፣ ፊልምም አልታየበትም። ቀኑን ሙሉ የሠራው ሥራ መታጠፍ ነበር፣ የታጠፈውም እንደሚታጠፍ ለማሳየት ነበር።

አራተኛው የሥራ እጥፋት ነው፤ ሰው ሥራ ለመሥራት ብሎ ሲያጥፍ። በዚህ ክፍል በቂ መረጃ አልተሰበሰበም።

አምስተኛው የማሽኑ የራሱ እጥፋት ነው፤ ማንም ሳያጥፈው የታጠፈ ሲመስለው ማለት ነው። ሴንሰሩ ስለሚሳሳት ዕቃው እንደ ወጉ ተከፍቶ ሳለ ኪቦርዱ ዝም ይላል። ዘግቶ መክፈት አንዳንዴ ይረዳል፣ መማታት በፍጹም አይረዳም። በጎን ተኝቶ ለሚያነብ ደግሞ ስክሪኑ አብሮት ይተኛል። ጽሑፉ ሲዞር አንባቢው ይዞራል፣ አንባቢው ሲዞር ጽሑፉ ይመለሳል። የዙረት መቆለፊያ የሚባል ማብሪያ ቢኖርም የሚታወሰው አንገት ከተቀጨ በኋላ ነው።

ከዚህ ክፍል ጋር የሚዛመድ አንድ ክስተት እማማን ለብዙ ጊዜ አስግቷል። ናሙናው ቻርጀር ላይ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ስክሪኑ ላይ ገጾች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ፊደል ይጻፋል። እማማ በር ላይ ቆመው አይተው «ይሄ ዕቃ ነገር አለበት፤ ጠበል አስረጩት» አሉ። ነገሩ ያለው ሶኬቱ ላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀር ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ ሦስተኛው ጥርስ የመሬት መስመር ነው። ከሱቅ የተገዛው አዳፕተር ሁለቱን ጥርሶች ብቻ ያስተላልፋል። በ220 ቮልት ላይ መሬት ያጣ ቻርጀር በአልሙኒየሙ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያሳድራል፤ እጅ ሲያርፍበት በቀስታ ይነዝራል፣ ተች ስክሪኑም በዚያ ረብሻ የጣት ንክኪ የተሰማው ይመስለዋል። ቻርጀሩ ሲነቀል ጋኔኑ ይወጣል። የመሬት መስመር ያለው ሶኬትና አዳፕተር ከተገኘ ጨርሶ አይመለስም። እማማ ማብራሪያውን በትዕግሥት ሰምተው «ቢረጭ ግን ምን ይጎዳል?» ብለዋል። ይጎዳል፣ ኪቦርዱ ውኃ አይችልም።

ስለ ብዕሩም አንድ ነገር ማለት ይገባል። የናሙናው ብዕር የሚሠራው አራት ኤ በሚባል ባትሪ ነው። ባለ ሁለት ኤውን የሬዲዮ፣ ባለ ሦስት ኤውን የሪሞት ብሎ ሁሉም ያውቀዋል። ባለ አራት ኤውን ግን ባለሱቁ አያውቀውም፣ ተሳስተሃል ብሎ ይከራከራል፣ ባለ ሦስቱን ያቀርባል፤ ብዕሩ ውስጥ አይገባም። መፍትሔው በአንዳንድ ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን አልካላይን ባትሪ ሆድ ውስጥ ነው፤ የቆርቆሮ ልብሱ በፒንሳ ሲላጥ ስድስት ቀጫጭን ባትሪዎች ተደርድረው ይገኛሉ፣ መጠናቸውም ለአራት ኤ በጣም የቀረበ ነው። በአንዳንዶቹ ውስጥ ግን የተነባበሩ ጠፍጣፋ ንጣፎች ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ባትሪውም ብዕሩም ከጥቅም ውጭ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በብዕሩ የተጻፈው የአስቤዛ ዝርዝር ነው። ወረቀት ላይም ይጻፍ ነበር።

አሁን ወደ ጥገና። ማጠፊያው ራሱ ብረት ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይሰበርም። የሚሰበረው ብረቱ የታሰረበት ነው፤ ብሎኖቹ የሚገቡት በስክሪኑ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ በተቀበሩ ፍሬ በሚያካክሉ ነሐሶች ነው። የማጠፊያው ቅባት ሲደርቅ ብረቱ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ «እስቲ ለኔ» ጉልበት ነሐሶቹ ላይ ያርፋል፣ እነሱም ከፕላስቲኩ ተነቅለው ይወጣሉ፣ የስክሪኑም ጠርዝ በአንድ ጎን አፉን ይከፍታል። መገናኛ ከአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠጋኝ ኮከብ አፍ ባለው ካቻቢቴ ከፍቶ አየውና «ብሮ፣ ለምን ታጥፈዋለህ?» አለ።

«ለመታጠፍ ነው የተሠራው።»

«ቢሆንም።»

ነሐሶቹን በኢፖክሲ መልሶ ተከለ፣ የማጠፊያውን ፍሬ ሩብ ዙር አላላ፣ ትንሽ ቅባት ጨመረ፣ እስከ ነገ እንዳይከፈት አዘዘ። ራም እንዲጨምርልኝ ስጠይቀው ቦርዱ ላይ የተበየደውን በካቻቢቴው ጫፍ አሳየኝና ክዳኑን መለሰ። ለጥገናው ሒሳብ ተቀበለ፣ ለምክሩ ግን ምንም አላስከፈለም።

ሊቀጥሉ የታሰቡት ክፍሎች፣ ማለትም የድመት እጥፋት፣ የመብራት መጥፋት እጥፋትና ካፌ ውስጥ ስኳር በፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ኪቦርዱ በደረቱ የሚተኛበት እጥፋት፣ ቀርተዋል። ከጥገናው ወዲህ ናሙናው አይታጠፍም። 120 ዲግሪ ላይ ተከፍቶ ሁሉ ነገር የሚሠራበት ተራ ላፕቶፕ ሆኗል፤ ይህም ጽሑፍ የተጻፈበት እሱ ነው፣ ቁልፎቹም እስካሁን ከያዝኳቸው ሁሉ ይጥማሉ። እንግዳ ሲመጣ ግን ክዳኑን እዘጋለሁ።

ልግዛ ወይ ለሚለኝ ግዛ እላለሁ። ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ተው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ዘር በአብዛኛው ከዚያ ይጀምራል፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ ስላለ ሻጩ ፊት አስወጣው፤ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ታችፓዱ ወደ ላይ ያበጠ ከመሰለህ ከሥሩ ያበጠው ባትሪ ነውና አትንካው። ስክሪኑን አንተው እጠፈው፤ ቀስ ብለህ፣ በየመሃሉ እየቆምክ። ሻጩ «እንዲህ አይደለም፣ ፈጠን ነው» ካለህ ደግመህ ቀስ በል። ብዕሩንም ገንዘቡን ሳትቆጥር በፊት ጠይቅ፤ ከከፈልክ በኋላ «አብሮት አልመጣም» ነው የሚባለው።