የራውተር አስታማሚዎች

ኢንተርኔት የጠፋበት ቤት በሽተኛ የተኛበት ቤት ነው። ለጥየቃ የመጣው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ይሆናል። አንዱ «ሲሙን አውጡና በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት» ይላል። ሌላዋ «ደክሞት ነው፣ ሌሊት ሌሊት አጥፉለት» ትላለች። ሦስተኛው «የእኛም እንዲህ አድርጎት ነበር፤ መስኮት ሥር ስናስቀምጠው ለቀቀው» ብሎ ቡናውን ሳይጨርስ ከወንበሩ ይነሣል። ሕመሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። መድኃኒት ያለው ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል?

ይህ ሁሉ አስታማሚ የተፈጠረው በሲም የሚሠራው ሣጥን ቤታችን ከገባ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 4ጂ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ 5ጂ በሙከራ ደረጃ መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም በከተማዋ ሥራ ጀመረና ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበት ገበያ ባለ ሁለት ሆነ። ገመድ እስኪዘረጋ ደጅ መጥናት ለብዙ ሰው ቀረለት። ሣጥኑን መግዛት፣ ሲሙን መክተት፣ ሶኬት ላይ መሰካት፣ አለቀ። ገመድ በነበረ ጊዜ ኢንተርኔት ሲጠፋ ቢያንስ ጥፋተኛው በዓይን ይታይ ነበር፤ መንገድ ቆፋሪው በጥሶታል ተብሎ፣ ሰውየው ተረግሞ፣ ጥገና ይጠበቃል። አየር ላይ ያለ ነገር ሲጠፋ ግን ሁሉም የመሰለውን የመናገር መብት አለው። አየሩ የሁላችንም ነዋ!

መጀመሪያ ሣጥኑ የሚኖርበትን ቦታ እንይ። ዕቃው ውድ ስለሆነ የክብር ቦታ ይሰጠዋል፤ የክብር ቦታ ማለት ደግሞ ቡፌ ነው። በአንድ በኩል የሠርግ ስጦታ ብርጭቆዎች፣ በሌላ በኩል የልጅየው የምረቃ ፎቶ፣ መሐል ላይ ራውተሩ። አቧራ እንዳይነካው በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተደርቦለታል። ዳንቴሉ ሞገድ አያግድም፤ ሙቀቱን ግን ያፍንበታል፣ የሣጥኑ ቀዳዳዎች የተበሱት ለዚያ ነበርና። የባሰው የቡፌው ጀርባ መስታወት መሆኑ ነው። መስታወት ከኋላው ብረት የተቀባ ነው፤ ከዚያ ወገን የሚመጣ ሲግናል ካለ ገና ሳይገባ ይመለሳል። ከቡፌው ጀርባ ደግሞ የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ አለ፤ ኮንክሪት፣ በውስጡም የታሰረ ፌሮ ብረት። ከታወሩ ተነሥቶ ይህን ሁሉ አልፎ የደረሰ ሲግናል ካለ እሱ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ታዲያ «ከዚህ ይነሣ» ስትሉ የቤቱ እመቤት ምን ትላለች? «ኧረ እሱማ መስኮት ላይ ቢሆን ለሌባ ነው!» በዚህ ላይ መልስ የለኝም። ሌባው ቢወስደው እሱም የሚያስቀምጠው ቡፌ ላይ ይመስለኛል።

ዕቃውን ማዘዋወር ሲጀመር ደግሞ የዲሽ ዘመን ልምድ ከተቀበረበት ይነሣል። ያኔ አንዱ ጣራ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል፣ «መጣ?»፣ «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» ሲባባሉ ጀንበር ትጠልቃለች። ዲሽ አንድ ሳተላይት ላይ ማነጣጠር ስላለበት ያ ልፋት ሥራ ነበር። የቤት ራውተር ግን ዙሪያውን የሚሰማ ዕቃ ነው፤ አንድ ጋት ወደ ግራ፣ አንድ ጋት ወደ ቀኝ ተብሎ አይገራም። ከላዩ ዱላ መሰል አንቴና ያለው እንደሆነማ ጉዱ ፈላ፤ የቤቱ አባወራ ታወሩ ያለበትን አቅጣጫ ጠይቀው የአንቴናውን ጫፍ በትክክል ወደዚያ ያጋድሙታል። እንዲህ ያለ አንቴና የሚሰማው በጎኑ ነው። በጫፉ በኩል ከሁሉ ይልቅ ደንቆሮ ነው። ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖርም «ጫፉ ካልሠራ ለምን ሹል አደረጉት?» ተብሎ አፉን ይይዛል።

ነገሩ የሚለካ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የራውተሩን ሆድ ገልብጦ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ፣ እዚያ ላይ የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው፣ በስልክ ብሮውዘር ላይ መጻፍ፣ በወረቀቱ ላይ ባለው የይለፍ ቃል መግባት ነው። እዚያ ውስጥ አርኤስአርፒ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከታወሩ የሚደርሰውን ሲግናል ጉልበት በዲቢኤም ይናገራል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው። −80 አካባቢ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ −100 ሲያልፍ ነገሩ ይከሳል፤ ከ−110 ወዲያ ፊልም ማየት ቀርቶ መልእክት መላክም ልመና ይሆናል።

ሰሚት አካባቢ አንድ ዘመድ ቤት ይህ ቁጥር ሲነበብ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህት ልጅ ስልኩን ይዞ አንገቱን ደፍቷል።

«ስንት ይላል?» አሉ ጋሼ ከሶፋው።

«መቶ አሥራ አምስት።»

«የጎረቤቶቻችንስ? ትናንት አይተህላቸው የለም?»

«የእነሱ ሰማንያ አምስት ነው።»

ጋሼ ቀና አሉ። «እና ምን ሆንን ብለን ነው የምናለቅሰው? በሠላሳ እንበልጣቸዋለን እኮ!»

«ጋሼ፣ ከዜሮ በታች ነው። ሲበዛ መጥፎ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ቁጥር የተማርኩት አንተ ሳትወለድ ነው።»

እትዬ ከጓዳ ሆነው «ሠላሳ ከተረፈንማ ለእነሱም እናካፍላቸው፣ ልጃቸው ፈተና አለበት» አሉ።

ልጁ ዝም አለ። በዚህ አቆጣጠር የ30 ዲቢ ልዩነት የ1,000 እጥፍ ልዩነት ነው፤ ጎረቤት ቤት የሚገባው ሲግናል ጋሼ ቤት ከሚገባው ሺህ ጊዜ ይበረታል። በዚያ ቤት ግን ድሉ የጋሼ ሆኖ አደረ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ «ዋይፋዩ እኮ ሙሉ ነው!» የሚለው ክርክር ነው። ስልኩ ጫፍ ላይ ያሉት ቅስቶች ከሣጥኑ ምን ያህል እንደራቃችሁ ብቻ ነው የሚናገሩት። ሣጥኑ ከታወሩ ጋር ተገናኝቶ ይሁን ተኳርፎ እነሱ አያውቁም። ሲሙን አውጥታችሁ ብትጥሉት እንኳ ዋይፋዩ «ሙሉ» ይላችኋል። ሰው ግን ራውተሩን እቅፉ ውስጥ አድርጎ፣ ቅስቶቹን እየቆጠረ፣ ቪዲዮው ለምን እንደሚሽከረከር አይገባውም። ዋይፋዩን አጥፍቶ በስልኩ የሞባይል ዳታ ቢሞክር፣ ሁለቱም ሲም የአንድ ኩባንያ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከሣጥኑ ወዲህ ይሁን ወዲያ በደቂቃ ይለይለት ነበር። ይህ ግን በጣም ቀላል ስለሆነ አያረካም።

ክረምት ሲገባ ሰበቡ ይቀየራል፤ «ዝናብ ነው» ይባላል። ዝናብ በእናንተ መስኮትና በታወሩ መካከል ባለው የሞባይል ሞገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱ የሚያጠቃው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያሉትን ነው፤ ታወሮች እርስ በርስ ከሚገናኙባቸው የማይክሮዌቭ መስመሮች ብዙዎቹ ከነዚህ ይመደባሉ። ከዝናቡ ጋር መብራትም ይሄዳል። ታወሩ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል፣ ከዚያ ጄኔሬተር ካለው ይነሣል፣ ከሌለው አብሮን ያመሻል። ቤታችሁ መብራት አለ ማለት ታወሩ የቆመበት ሰፈር መብራት አለ ማለት አይደለም። ይህን የማይረዳ ሰው ጃንጥላ ይዞ በረንዳ ላይ ራውተር ሲያስታምም አይቻለሁ። ጃንጥላው ለራውተሩ ነበር።

መብራትን ካነሣሁ፣ የቻርጀሩ ነገርም አለ። ራውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣው ቻርጀር አንድ ቀን ለሌላ ዕቃ ተፈለገና ሄደ፤ በምትኩ ቀዳዳው ውስጥ የገባለት ሁሉ ተሰካ። የገባ ሁሉ ግን አይመግብም። ሣጥኑ 12 ቮልት ሲፈልግ የ9 ቮልት ቻርጀር ከሰጡት፣ ወይም አምፔሩ ከሚያስፈልገው ካነሰ፣ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይወድቃል። የቤቱ ሰዎች «ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል» ይሉታል። ኔትወርኩ የትም አልሄደም።

የይለፍ ቃሉን ጉዳይ ማንሣት ጸብ ነው፤ ግን ላንሣው። የግቢው ዘበኛ ያውቀዋል፣ የአከራይዋ ልጅ ያውቀዋል፣ ባለፈው ፋሲካ የመጡ እንግዶች ስልካቸው ውስጥ ቀርቷል፣ ታች ፎቅ ያለችው ጸጉር ቤት ደንበኞቿን የምታስጠብቀው በእሱ ነው። መስጠት ደግ ነው። ሰጪው ማታ ላይ «ምን ነካው? ቀሰስተኛ ሆነ» ብሎ መገረሙ ነው የማይገባኝ። ለክፉ ጊዜ የሚሆን ቤተሰባዊ ምርመራ አለ፤ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ማን በር እንደሚያንኳኳ መቁጠር። ግን በማግስቱ ጎረቤት ሰላም አይላችሁም፤ ስለዚህ ሁሉም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ይታገሣል።

ደግሞ ፍጥነት ለኪው አለ። ይህ ሰው ኢንተርኔት የሚገዛው ለመለካት ነው። ጠዋት ይለካል፣ ምሳ ሰዓት ይለካል፣ ማታ ለምቀኛ ወንድሙ ስክሪን ሹት ይልካል። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው መስመሩን በተቻለ መጠን በዳታ በማጨናነቅ ነው፤ ፈጣን በሆነ 4ጂ ላይ አንዱ ልኬት በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ሊበላ ይችላል። መስመሩ በፈጠነ ቁጥር ልኬቱ ይበልጥ ያስከፍላል። ጥቅሉ ከቀኑ በፊት ሲያልቅበት ደግሞ ኢንተርኔቱ ለምን እንደቆመ ለማጣራት እንደገና ይለካል።

በመጨረሻ የደንበኞች አገልግሎት ይደወላል። ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ትሑት ድምፅ «ራውተሩን አጥፍተው አብርተውታል?» ይላል። «አዎ፣ አድርጌዋለሁ» ይላል ደዋዩ፣ ከሶፋው ሳይነሣ። በዚህች ጥያቄ የማይዋሽ ኢትዮጵያዊ ብርቅ ነው፤ ጥያቄው ክብር የነካ ይመስለዋል። ሠራተኛዋም የዋዛ አይደለችም፤ «እሺ፣ አሁን አብረን እንድገመው» ትላለች።

አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ በእውነት ይሠራል። ሣጥኑ ሲነሣ ከኔትወርኩ ጋር እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ምናልባት የተሻለ ታወር ወይም ያልተጨናነቀ ሞገድ ያገኛል፤ የተሞላ ትውስታውም ይጸዳል። ነገር ግን በአንድ ምሽት ሲሙ ተጠርጎ፣ አንቴናው ዞሮ፣ ዳንቴሉ ተነሥቶ፣ ሣጥኑ መስኮት ላይ ወጥቶ፣ ጠፍቶ በርቶ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ሲስተካከል፣ ያዳነው የትኛው ነው? በቤቱ ሕግ መሠረት በመጨረሻ የነካው ሰው ነው። ጨርቅ ይዞ የነበረው እሱ ከሆነ፣ የሰፈሩ ሲም ሁሉ ከዚያ ወዲያ በጨርቅ ይጠረጋል። ያን ሰዓት ጎረቤት ሁሉ መተኛቱን፣ አንዱን ታወር ሲሻማ ያመሸው ሕዝብ መበተኑን የሚያስታውስ የለም። ሰው ተኝቶ የመጣ ፈውስ ምስጋና አያገኝም።

ስለዚህ አደራዬ አንድ ነው። ሁለት ቀን ታግሣችሁ ሁለት ሰዓት መዝግቡ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እና ከሌሊቱ 9 ሰዓት። በሁለቱም ሰዓት አርኤስአርፒውን ጻፉ። ቁጥሩ በሁለቱም መጥፎ ከሆነ ቦታው ነው፤ ሣጥኑን ከቡፌው አውርዱ። ቁጥሩ በሁለቱም ደህና ሆኖ ኢንተርኔቱ ምሽት ላይ ብቻ የሚሞት ከሆነ ግን ታወሩ ከአቅሙ በላይ ሰው ተሸክሟል፤ ቤት ውስጥ የምትነኩት ምንም ነገር አይፈታውም። ያን ጊዜ ደውላችሁ «ኔትወርክ የለም» አትበሉ፤ ለእሱማ «እየተስተካከለ ነው» የሚል የተዘጋጀ መልስ አለ። ሰፈሩን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ጎረቤቶቻችሁም እንዲሁ ይደውሉ። ራውተሩን ግን እባካችሁ ተዉት።